የማስፋፊያ ጥቅል፤ የቃሉ ፍችና የመጀመሪያው ምርጫ

በኮምፒዩተር ላይ ከተማ መቆርቆር የጀመረ ሰው፣ መንገዱን ዘርግቶ፣ ውኃውን ስቦ፣ መብራቱን አስገብቶ፣ ነዋሪውም ጥቂት በጥቂት እየበዛለት ሲሄድ፣ ከዕለታት በአንዱ ወደ ጨዋታው መሸጫ ብቅ ይልና ከዋናው ጨዋታ ጎን ሌሎች በርካታ ዕቃዎች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስም፣ የየራሳቸው ሥዕልና የየራሳቸው ዋጋ ኖሯቸው ተደርድረው ያገኛል። እነዚህ ሻጮቹ “ኤክስፓንሽን ፓክ” የሚሏቸው፣ ተጫዋቾቹ ግን ብዙውን ጊዜ በደፈናው “ዲኤልሲ” እያሉ የሚጠሯቸው ናቸው። እኛ በአማርኛ “የማስፋፊያ ጥቅል” እንላቸዋለን።

ነገሩ በነጠላ ፍችው ሲታይ እንዲህ ነው። ዋናው ጨዋታ ብቻውን የሚቆም፣ ብቻውንም የሚያጫውት ሙሉ ሥራ ነው፤ የማስፋፊያ ጥቅል ግን ያለ ዋናው ጨዋታ አንዳች የማያደርግ፣ ከዋናው ጋር ሲጣመር በከተማው ሕግ ላይ ሕግ፣ በሥርዓቱም ላይ ሥርዓት የሚጨምር፣ ሠሪዎቹ ጨዋታው ከወጣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ አዘጋጅተው ለብቻው የሚሸጡት ክፍል ነው። ከዚህ ጠባዩ የተነሣ “ተቀጽላ” ቢባል ይሻላል የሚል ሊቅ አይጠፋም፤ ተቀጽላ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ የሚኖር ተክል ነውና ራሱን ችሎ አለመቆምን በሚገባ ይገልጣል። ዳሩ ግን ተቀጽላ ዛፉን እየመጠመጠ ያደክማል እንጂ አያሰፋውምና፣ ስሙን ለዚህ ዕቃ ማውረስ ሻጮቹን መስደብ ይሆናል (ስድቡ አንዳንድ ጊዜ የሚገባቸው ቢሆንም)። “ጭማሪ” የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ የደመወዝም የዋጋም ጭማሪ አለና ነገሩ ይበተናል። “ማስፋፊያ” ግን የትምህርት ቤት ማስፋፊያ፣ የፋብሪካ ማስፋፊያ እየተባለ በየቀኑ የሚነገር፣ አስቀድሞ የቆመ ነገር መኖሩንም አብሮ የሚያስታውስ ቃል ነው፤ “ጥቅል”ንም ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥቅል፣ የኢንተርኔት ጥቅል እያለ ለትንሹም ለትልቁም አስለምዶታል። የቴሌው ጥቅል አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ ሲደርስ ሲያበቃ፣ የጨዋታው ጥቅል አንድ ጊዜ ከተገዛ ቀን የማይቈረጥለት መሆኑን ብቻ አንባቢ ልብ ይበል።

ለምሳሌ የምንወስደው “ሲቲስ ስካይላይንስ” የተባለውን ጨዋታ ነው። ይህ በፊንላንድ፣ በታምፔሬ ከተማ ያለው ኮሎሳል ኦርደር የተባለ አነስተኛ ድርጅት ሠርቶት፣ የስዊድኑ ፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ መጋቢት 1 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2015 መሆኑ ነው) ለገበያ ያቀረበው ሥራ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአሥር የሚበልጡ የማስፋፊያ ጥቅሎች ወጥተውለታል። ከእነዚህ ጋር ተቀላቅለው የሚሸጡ፣ ማስፋፊያ ግን ያልሆኑ ሌሎችም አሉ፤ “አርት ዴኮ” ወይም “ሞደርን ጃፓን” የሚሉት በአብዛኛው አዳዲስ ሕንፃዎችን እንጂ አዲስ ሥርዓት አያመጡም፤ የሬዲዮ ጣቢያ የተባሉትም ዘፈን ናቸው። እነዚህ ለዓይንና ለጆሮ ጌጥ ናቸውና በመጀመሪያው ግዢ ላይ ስማቸው ሊነሣ አይገባም።

የሚገዛውን ለመምረጥ አስቀድሞ የዚህን ጨዋታ ሥር መመልከት ይበጃል። ከተማ የመገንባት ጨዋታ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ዊል ራይት፣ ቀድሞ በሄሊኮፕተር እየበረሩ ደሴቶችን የሚደበድቡበት የጦርነት ጨዋታ ሲሠራ፣ ከመደብደቡ ይልቅ ደሴቶቹን መሥራት፣ መንገድና ሕንፃ መደርደር ደስ እንዳሰኘው አስተውሎ፣ በ1989 እ.ኤ.አ. “ሲም ሲቲ”ን አወጣ። በ2003 እ.ኤ.አ. አራተኛው “ሲም ሲቲ” ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት የተከተለው ብቸኛ የማስፋፊያ ጥቅል “ረሽ አወር” የሚል ስም የተሰጠው፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ወጥቶ መንገድ የሚጨናነቅበትን ሰዓት የሚያመለክት፣ ጉዳዩም መጓጓዣ የሆነ ነው። የፊንላንዶቹም ሠሪዎች ወደ ከተማ ግንባታ ከመግባታቸው በፊት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት “ሲቲስ ኢን ሞሽን” የአውቶብስና የባቡር መስመር የመዘርጋት ጨዋታ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ሕንፃው ለዓይን ይጕላ እንጂ የሕይወቱ ሥር መንገድ መሆኑ ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ከወሎው አምባሰል የተሻለ ስፍራ አይገኝም። በዚያ ያለችው ግሸን ደብረ ከርቤ ዙሪያዋን ገደል ያጠራት፣ አናቷ ሜዳ የሆነ፣ ቅርጿም መስቀለኛ የሆነ አምባ ናት። ከጌታ ግማደ መስቀል ክፍል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1434–1468 እ.ኤ.አ.) በእርሷ ላይ እንዳረፈ በዚያው የሚጠበቀው መጽሐፈ ጤፉት ይተርካል፤ ስለዚህም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን፣ የእግዝእትነ ማርያም በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣው ምእመን ተቈጥሮ አያልቅም። ይህችው አምባ በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ልጆች በዙፋን እንዳይጣሉ ተጠብቀው ይኖሩባት ነበር። ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ጠባብና ጥብቅ መሆኑ ለዚያን ጊዜው ጠባቂ ትልቅ ጸጋ ሲሆን፣ ለዛሬው ተሳላሚና ለአስተናጋጁ ግን ትልቅ ፈተና ነው፤ ቤቱ፣ ድንኳኑ፣ ስንቁ ሁሉ ቢሟላ እንኳ፣ ወጪና ወራጅ በአንዲት ጠባብ ዳገት ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ያየ ያውቀዋል።

ስካይላይንስን የጀመረ ሁሉ ሳያውቀው ግሸንን ይሠራል። ጨዋታው ሲከፈት የሚሰጠው መሬት ስፋቱና ርዝመቱ ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አንድ ቁራሽ ሲሆን፣ ከአውራ ጎዳና የሚገናኘውም በአንድ መውጫ ነው። ከተማው ትንሽ ሳለ ይህ አይሰማም፤ ሕዝቡ ሲበዛ ግን ተሽከርካሪው ሁሉ በዚያች መውጫ ላይ ይሰለፋል፤ ሰልፉም የሚያስገርም ነው፤ ሦስት ረድፍ ያለው ሰፊ መንገድ ተዘርግቶ ሳለ፣ እያንዳንዱ ሾፌር ወደ ፊት የሚታጠፍበትን ረድፍ አስቀድሞ ስለሚይዝ፣ ሁለቱ ረድፎች ባዶ ሆነው አንዱ ብቻ እስከ ከተማው ዳር ይሞላል። በዚያ ሰልፍ መካከል ቆሻሻ የሚያነሣው መኪና ይታገዳል፤ አስከሬን የሚያነሣውም እንዲሁ። ከየቤቱ በላይ ሞተ የሚል ምልክት ይወጣል፤ ጀማሪው ተጫዋች ደንግጦ ሁለተኛ መቃብር ቦታ፣ ቀጥሎም ሦስተኛ ያሠራል፤ ጕድለቱ ግን የመንገድ እንጂ የመቃብር አይደለምና፣ መኪናው ከመድረሱ በፊት ቤቱ ወና ሆኖ ይቀራል፣ ግብሩም ይቀንሳል። ብዙ ሰው ጨዋታውን የሚተወው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰውም የመጀመሪያውን ጥቅል የሚገዛው እዚሁ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ሌላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፤ አስቀድሞ የሚገዛው በግንቦት 2009 ዓ.ም. የወጣው “ማስ ትራንዚት”፣ የሕዝብ መጓጓዣውን የሚያሰፋው ጥቅል ይሁን። ዋናው ጨዋታ አውቶብስ፣ የምድር ውስጥ ባቡር፣ የረጅም መንገድ ባቡር፣ መርከብና አውሮፕላን አለው፤ ይህ ጥቅል በላዩ የከተማ ጀልባን፣ በአየር የሚንሳፈፍ መርከብን፣ በአንድ ሐዲድ የሚሄድ ባቡርን፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚወጣ ኬብል ካርን፣ ከሁሉም በላይ አንዱን ከአንዱ በአንድ ጣራ ሥር የሚያገናኙ መናኸሪያዎችን ይጨምራል። ደጋ ቆላው ለተፈራረቀበት ለወሎ ሰው ኬብል ካሩ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል፤ መንገድ ሊወጣው በማይችል ገደል ላይ ከታች አንድ ጣቢያ፣ ከአናቱ አንድ ጣቢያ፣ በመካከሉም ምሰሶ ተተክሎ ሕዝቡ ይወጣል፤ አምባ ላይ ሰፈር የመሥራት ምኞት ያለው ሁሉ ያን ጊዜ ምኞቱ ይሞላለታል። ጀልባውም እንዲሁ ነው፤ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ ስሙ የገነነው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት የነበረ፣ በኋላ ከየብስ ጋር የተገናኘ ስፍራ ነውና፣ ሐይቅንና አምባሰልን በዓይነ ልቡናው እያየ ካርታ ለሚመርጥ ተጫዋች ውኃውም ዳገቱም በአንድ ጥቅል ተመልሶለታል።

ዓይን የሚስበው ሌላ መሆኑን አንክድም። “ናቹራል ዲዛስተርስ” የተባለውን ጥቅል ወጣቶች ፈጥነው ይወዱታል፤ የምድር መንቀጥቀጥ፣ ከባሕር የሚነሣ ማዕበል፣ ከሰማይ የሚወርድ ድንጋይ፣ አውሎ ነፋስና የደን ቃጠሎ በአንድነት የያዘ ነውና። የምድር መንቀጥቀጡ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የተነሣው መጀቴ የምትባለውን ከተማ እንዳፈረሰ ይታወቃል። ሆኖም በወሎ ምድር መቅሠፍት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ድርቅ ነው፤ ድርቅ ግን ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ፊንላንድ ላይ ተቀምጦ መዓትን የሚያስብ ሰው ዝናብ መቅረቱን እንደ መዓት አለመቍጠሩ አያስደንቅም፤ እኛ ግን ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ልብ ልንለው ይገባል።

“ስኖውፎል” ደግሞ አስቂኝ ነው። ስሙ በረዶ፣ ሥዕሉም በረዶ ነውና አበሻ ዘሎት ያልፋል፤ ነገር ግን በከተማ አስፋልት ላይ የሚሄደውን ትራም ያመጣው ይኸው ጥቅል ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የበረዶው ጥቅል ከትራሙ ጋር የወጣው በዚያው ዓመት በየካቲት ነው። ስለዚህ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውን መስመር በጨዋታው ልምሰል የሚል ሰው በረዶ መግዛት ግዴታው ሆነ ማለት ነው። ደግነቱ በረዶው የሚወርደው ለክረምት በተዘጋጁት ካርታዎች ላይ ብቻ ስለሆነ፣ በሌላው ካርታ ትራሙን ብቻ ይዞ መኖር ይቻላል። ይህ ለሁለተኛ ግዢ ይሆናል።

“አፍተር ዳርክ” ታክሲና ብስክሌት፣ እንዲሁም ለጎብኚና ለመዝናኛ የሚለዩ ሰፈሮችን የሚጨምር ነው፤ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚገዛው ሌሊቱን ፈልጎ ነው፤ የቀንና የሌሊቱ መፈራረቅ ግን ለሁሉም በነጻ የተሰጠ ነው። ጥቅል በወጣ ቍጥር ሠሪዎቹ ለማይገዛውም ሰው አንዳንድ ነገር በነጻ ይለቁ ነበርና፣ ገዢ አስቀድሞ ያለውን መመርመር ይበጀዋል፤ መንገድን በስም መጥራትና በየመገናኛው የትራፊክ መብራትን ማንሣትና መትከል ከማስ ትራንዚት ጋር በነጻ የመጡ ናቸው። በዓል ለሚወድ ደግሞ “ማች ዴይ” የተባለ ዋጋ የማይጠየቅበት ክፍል አለ፤ የኳስ ሜዳ ይሰጥና በግጥሚያው ዕለት ተመልካቹ ከየአቅጣጫው ይጐርፋል። ክብረ በዓል የሚባል ነገር ለማያውቀው ለዚህ ጨዋታ፣ ከመስከረም 21 ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚቀራረበው ይህ ነው፤ የከተማህ መንገድ የሚችለውንና የማይችለውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገልጥልሃል። አንድ ሳንቲም ሳታወጣ ሜዳውን ከአውራ ጎዳናው መውጫ ራቅ አድርገህ ሥራና ሰልፉ የት እንደሚጀምር ተመልከት፤ ሰልፉ ከዳገት ሥር ከሆነ ኬብል ካር፣ ከውኃ ዳር ከሆነ ጀልባ፣ ከሜዳ ከሆነ መናኸሪያ ያስፈልግሃል። ሰልፍ ከሌለ ማስ ትራንዚትን ተወውና፣ እርሻና ደን፣ ማዕድንና ዘይት ከምንጩ እስከ መጋዘኑ የሚመራበትን “ኢንዱስትሪስ” የተባለውን ግዛ።

ይህ ሁሉ የተነገረው ለመጀመሪያው ስካይላይንስ ነው። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው፣ ትራምንና ታክሲን በዋናው ጨዋታ ውስጥ አካቶ ስለመጣ፣ ለእርሱ ምርጫው ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ጥቅሎችም በእርሱ ላይ አይሠሩም።