ባለቤት የሌለው ዲስክ፦ የተበተነ ኔትወርክን እንደ አንድ ድራይቭ የማሳየት ታሪክ

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ከድራይቭ ላይ ፋይል ሲከፍት ሳይጠይቅ የሚያምናቸው አራት ነገሮች አሉ። ይኸውም ያስቀመጠው ፋይል ነገም በቦታው እንደሚገኝ፣ በጠራው ጊዜ ወዲያው እንደሚመጣለት፣ ሲያርመው እንደሚታረም፣ ሲሰርዘውም እንደሚጠፋ ነው። እነዚህ እምነቶች የመነጩት አንድ ባለቤት ካለው፣ በአንድ ቦታ ከተቀመጠ ዲስክ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ፋይሉ ባለቤቶቻቸው በማይተዋወቁ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ላይ ተበትኖ ሳለ ያንኑ የድራይቭ መልክ ይዞ ቢቀርብ፣ ከአራቱ እምነቶች የትኛው ይጸናል? ቀጥሎ የሚተረከው መሐንዲሶች ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የሰጡት መልስ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ከኔትወርክ በፊት ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች ከ1969 ጀምሮ በሠሩት በዩኒክስ ሥርዓት ውስጥ ፋይሎች ሁሉ ከአንድ ሥር በሚነሣ ዛፍ ላይ ይደረደራሉ። ሁለተኛ ዲስክ ሲመጣ ከዛፉ ቅርንጫፎች በአንዱ ላይ ይገጠማል። ፋይሉን የሚጠራው ፕሮግራም ግን የቅርንጫፉን ስም እንጂ ዲስኩን አያውቅም። ኋላ የመጡት የግል ኮምፒዩተሮች በዛፍ ፈንታ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ለእያንዳንዱ ድራይቭ ፊደል ሰጡ። በሁለቱም መንገድ ስም ከቦታ ተለየ፤ ስም ከቦታ ከተለየ ደግሞ ቦታው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም።

ይህን ሐሳብ ሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ዋነኛው በ1980ዎቹ አጋማሽ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ኤን.ኤፍ.ኤስ. ነው። የኩባንያው መሐንዲሶች በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ አንድ ቀጭን ንብርብር ጨመሩ። ንብርብሩ «ክፈት»፣ «አንብብ»፣ «ጻፍ» የሚሉትን ትእዛዞች ተቀብሎ መልስ መስጠት ለሚችል ሁሉ ያስተላልፋል፤ መላሹ ዲስክ ይሁን ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ለጠያቂው ልዩነት የለውም። በዚያው ዘመን ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር በሠራው አንድሩ በተባለው ፕሮጀክት ደግሞ ፋይሉ ሲከፈት ቅጂው ወደ ተጠቃሚው ዲስክ እንዲመጣ ተደረገ። በሁለቱም ዘንድ ግን ሰርቨሩና ኃላፊው የታወቁ ነበሩ። ፋይል የጠፋበት ሰው አቤት የሚልበት ደጃፍ ነበረው።

የሆነ ሆኖ በዚህ ደረጃም ቢሆን መልኩና እውነቱ አልገጠሙም። የሰርቨሩ መስመር ሲቋረጥ ምን ይደረግ? ኤን.ኤፍ.ኤስ. ሁለት ምርጫ ሰጠ። አንደኛው ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ ፕሮግራሙን ማስጠበቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጥቂት ሞክሮ ስሕተት መመለስ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ በአንድ ማሽን መቆም ሌሎቹም ይቆማሉ፤ በሁለተኛው ደግሞ ዲስክ እንዲህ ያለ ስሕተት ይመልሳል ብሎ ያልጠበቀ ፕሮግራም ሥራውን ሊያበላሽ ይችላል። ጂም ዋልዶና ባልደረቦቹ በ1994 ከዚያው ከሰን በወጣ ጽሑፍ ይህንኑ ምሳሌ አንሥተው፣ በቅርብና በሩቅ መካከል ያለው ልዩነት በመልክ ማመሳሰል ብቻ የሚሸፈን እንዳልሆነ አስረዱ።

ከዚህ በኋላ ሰርቨሩ ራሱ የሚቀርበት ዘመን መጣ። በ1999 የተጀመረው ናፕስተር ፋይሎቹን በተጠቃሚዎቹ ኮምፒዩተሮች ላይ ትቶ ዝርዝሩን ብቻ በማእከል ይይዝ ስለነበር፣ በ2001 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ምክንያት ማእከሉ ሲዘጋ ኔትወርኩም አብሮ ቆመ። በ2000 የወጣው ኑቴላ ማእከሉን ጨርሶ አስቀረ። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ጥያቄ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስለሚተላለፍ፣ ተጠቃሚው ሲበዛ መስመሩ በጥያቄ ተጨናነቀ። መፍትሔው በ2001 እንደ ኮርድ ባሉ ጥናቶች ተገኘ። በኮርድ ኮምፒዩተሮቹ በሐሳባዊ ቀለበት ላይ በቁጥር ይሰለፋሉ፤ ፋይሉም እንደ ጣት አሻራ በስሌት የሚወጣ ቁጥር ይሰጠውና ቁጥሩ የደረሰበት ኮምፒዩተር ይይዘዋል። በዚህ ዘዴ ከ1 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች መካከል ተፈላጊውን ለማግኘት በአማካይ 10 ያህል እርምጃ ይበቃል።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ይህን ቀለበት የፋይል ሥርዓት መልክ አስያዙት። ሲ.ኤፍ.ኤስ. በተባለው ሥራቸው ውስጥ በተጠቃሚው ማሽን ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ራሱን የኤን.ኤፍ.ኤስ. ሰርቨር አስመስሎ ይቀርባል። ሥርዓቱ ከሰርቨር ጋር የሚነጋገር ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን መልሱ ከብዙ ኮምፒዩተሮች ተለቅሞ የሚመጣ ነው። ይህ ድራይቭ ለተጠቃሚው የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አልነበረም፤ ማደስ የሚችለው አሳታሚው ብቻ ነው። በ2002 የተከተለው አይቪ ብዙ ሰዎች እንዲጽፉ ፈቀደ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱን የለውጥ መዝገብ ይይዛል፣ ሥርዓቱም መዝገቦቹን አስተባብሮ አንድ ዛፍ ያሳያል። ዋጋው ግን ተከፈለበት፤ በሠሪዎቹ መለኪያ ከኤን.ኤፍ.ኤስ. ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የዘገየ ሆነ።

በ2005 ፊዩዝ የተባለው ዘዴ በሊኑክስ እምብርት ውስጥ ሲገባ፣ የእምብርቱን ሥራ ሳይነካ የራሱን ድራይቭ መሥራት ለማንኛውም ፕሮግራም ጸሐፊ ቀላል ሆነለት። ቢትቶረንትን ሳይቀር እንደ ድራይቭ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ተጻፉ። በዚህ ላይ የሁለቱ ባሕርይ መጋጨቱ ጎልቶ ታየ። ብራም ኮኸን በ2001 ያወጣው ቢትቶረንት ብርቅ የሆነው ቁራጭ እንዳይጠፋ እርሱን አስቀድሞ ማምጣት ይወዳል፤ ከድራይቭ የሚያነብ ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በተራ ይጠይቃል። ለአንባቢው መታዘዝ የኔትወርኩን ጤና ይጎዳል፤ ለኔትወርኩ ማድላት አንባቢውን ያስጠብቃል።

ሁዋን ቤኔት በ2014 ሐሳቡን ያቀረበው አይ.ፒ.ኤፍ.ኤስ. እነዚህን ክሮች አንድ ላይ ፈተለ። ፋይሉ የሚጠራው ከይዘቱ በወጣው አሻራ ነው፤ ሲፈለግም በፊዩዝ አማካይነት በዛፉ ላይ እንደ ማንኛውም ቅርንጫፍ ይገጠማል። ቱርክ ዊኪፔዲያን በሚያዝያ 2017 በዘጋች ጊዜ የቱርክኛው ቅጂ በዚህ ኔትወርክ ላይ ወጣ፤ እገዳው እስከ ጥር 2020 ቆየ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ይሁንና የወጣው ቅጂ የአንድ ቀን መልክ እንጂ አንባቢዎቹ የሚያርሙት ሕያው መጽሐፍ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ አራቱ እምነቶች እንመለስ። ፋይሉ ነገም መገኘቱ «ያዝልኝ» የተባለ ቢያንስ አንድ ኮምፒዩተር በመኖሩና በመስመር ላይ በመቆየቱ የሚወሰን ነው፤ ለጊዜው ብቻ የያዙት ቦታ ሲጠባቸው ይጥሉታል። የሚመጣበት ፍጥነት ከያዦቹ ብዛትና ቅርበት ጋር ይለዋወጣል። ሲታረም አሻራው ስለሚለወጥ፣ የታረመው ፋይል ሌላ ፋይል ነው። ሲሰረዝም የሚጠፋው ከሰራዡ ማሽን እንጂ ከሌሎቹ አይደለም። በአንጻሩ ተራ ዲስክ የማይሰጠው አንድ ጥቅም ተገኝቷል፤ የመጣው ይዘት የተጠየቀው ራሱ መሆኑን ተቀባዩ አሻራውን አስልቶ ያረጋግጣል።

የድራይቭ መልክ ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም፤ ለዲስክ የተጻፉት አሮጌ ፕሮግራሞች ሳይለወጡ እንዲሠሩ የሚያስችለው እርሱ ነው። አደጋው ያለው የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ያንን የተለመደ የድራይቭ ምስል አይቶ፣ የድልድይ ንድፉን ወይም የሕሙማኑን መዝገብ ወደዚያ ገልብጦ፣ ዋናውን ከዲስኩ ላይ በሰረዘ ዕለት ነው። ሠራተኛው አልተሳሳተም፤ ምስሉ የነገረውን አምኗል። ስለሆነም እንዲህ ያለውን ድራይቭ የሚገጥም መሐንዲስ ፋይሉ በስንት ቦታ እንደተያዘ ከስሙ ጎን ማሳየት፣ ቢያንስ አንዱን ያዥ ኮምፒዩተር በታወቀ ኃላፊ እጅ ማኖር፣ «ሰርዝ» የሚለው ትእዛዝም የት ድረስ እንደሚደርስ አስቀድሞ በግልጽ መናገር ይገባዋል።