ቁጥርና ትረካ ሲገናኙ፦ የማሪየንታል ጥናት ለቅይጥ የምርምር ዘዴ ያለው ፋይዳ

በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ቅይጥ የምርምር ዘዴ ማለት በአንድ ምዕራፍ የመጠይቁን ሠንጠረዥ፣ በሌላው የቃለ መጠይቁን ጥቅሶች መደርደር ሆኗል። ይህ መጣጥፍ ግን ጥናቱ ቅይጥ የሚባለው መጠናዊውና ዓይነታዊው መረጃ በትንተናው ላይ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ሲጠይቅ ነው ይላል። ስያሜው ከመለመዱ በፊት ይህን አድርጎ ያሳየው የማሪየንታል ጥናት ነው።

ማሪየንታል ከቪየና በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ የኦስትሪያ የፋብሪካ መንደር ነበረች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ በ1929 እና በ1930 (እ.ኤ.አ.) ደረጃ በደረጃ ሲዘጋ ነዋሪው በጅምላ ሥራ አጣ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድ፣ ሃንስ ዛይዝልና ባልደረቦቻቸው ለ478 ቤተሰቦች መዝገብ ከፈቱ፤ የ62 ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ጻፉ፤ ልብስ እያከፋፈሉና ስፌት እያስተማሩ ወደ ሕዝቡ ቀረቡ። ውጤቱ በ1933 ታተመ።

ሥራ ያጣ ሰው ቢያንስ ለማንበብ ጊዜ ያገኛል ብሎ መገመት ይቻላል። የቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ግን የውሰት ክፍያው ከተነሣ በኋላም እንኳ የሚወጡት መጻሕፍት ከ1929 እስከ 1931 በግማሽ ገደማ መቀነሳቸውን አሳየ። ቁጥሩ ጥያቄ አነሣ እንጂ መልስ አልሰጠም። ተመራማሪዎቹ ወደ ዋናው መንገድ ወጥተው መንገደኛውን ቆጠሩ፤ ከወንዶቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መንገዱን ሳይጨርሱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይቆሙ ነበር፤ ከሴቶቹ ግን እንዲህ የሚያደርጉት ጥቂቶች ነበሩ። ነዋሪዎቹ የሞሉት የቀን ውሎ መመዝገቢያ ምክንያቱን አመለከተ። የወንዶቹ ውሎ ባዶ ሰዓት የበዛበት ሲሆን የሴቶቹ በምግብ ማብሰል፣ በልብስ መጠገንና በልጆች እንክብካቤ የተሞላ ነበር። ሴቶቹ ያጡት ደመወዙን ነው፤ ሥራው አብሯቸው ቀርቷል። በእኔ እምነት የጥናቱ ትልቁ ግኝት ይህ ነው። መጠይቅ ብቻውን ሁለቱንም «ሥራ አጥ» በሚል አንድ ሣጥን ውስጥ ይከታቸው ነበር።

ቤተሰቦቹን በአኗኗራቸውና በስሜታቸው ያልተሰበሩ፣ እጃቸውን የሰጡ፣ ተስፋ የቆረጡና ግድየለሽ የሆኑ ብለው በአራት መደቡ። ከዚያ ገቢያቸውን ሲያስተያዩ አማካዩ ለአንድ አዋቂ በወር 34፣ 30፣ 25 እና 19 ሺሊንግ ሆኖ ተገኘ። በትረካ የተለየው ምድብ በቁጥር ተፈተነ፤ ቁጥሩም የአምስት ሺሊንግ ገደማ ልዩነት በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከትረካው ትርጉም አገኘ።

ይሁንና መረጃው የአንድ ወቅት ነው። የገቢ ማነስ ተስፋን ይሸረሽራል የሚለው ድምዳሜ አሳማኝ ቢሆንም፣ አቅጣጫውን ለማረጋገጥ ያንኑ ቤተሰብ ደጋግሞ መጎብኘት ይጠይቃል። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን የተከታተለው የያንግ ላይቭስ ጥናት ለዚህ የተሻለ መሠረት ይሰጣል። በጥልቀት የሚያነጋግራቸውን ልጆች የመረጠው ከዚያው ከዳሰሳው ናሙና ስለሆነ፣ የአንዱን ልጅ ቃል ባለፉት ዙሮች ከተመዘገበው የቤተሰቡ ሀብትና የትምህርት ደረጃ ጎን አስቀምጦ መመርመር ይቻላል።