ላይትሩም (የታብሌት መተግበሪያ)

ላይትሩም የአዶቢ ኩባንያ የፎቶ መምረጫና ማረሚያ መተግበሪያ ነው። የታብሌት ዕትሙ በ2014 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለአይፓድ ቀረበ። ፎቶ አንሺው ከሚሞሪ ካርድ ያስገባቸውን ምስሎች ገና መንገድ ላይ ሳለ በሰፊ ስክሪን ይገመግማል።

ጥራትን መመዘን፦ ምስሉን 100 በመቶ አጉልቶ ሽፋሽፍት ሳይቀር ጥርት ብሎ መውጣቱን ያያል። የብርሃኑን መጠን ሂስቶግራም በተባለው ግራፍ ይለካል፤ ግራፉ ቀኝ ጠርዝ ላይ ከተከመረ፣ ለምሳሌ በሰርግ ፎቶ የሙሽራዋ ቬሎ ጥልፉ ጠፍቶ ነጭ ብቻ ሆኗል ማለት ነው።

መለየት፦ ለእያንዳንዱ ፎቶ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ የተመረጠውንና የተጣለውን በባንዲራ ይለያል። ምልክቶቹ በኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተር ይተላለፋሉ።

ፀሐይ ላይ ስክሪን ዓይንን ያታልላል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ለመፍረድ ከዓይን ይልቅ ሂስቶግራሙን ማመን ይበጃል።