ከባሮ ጀልባ እስከ ላፕቶፕ ቻርጀር፦ የመለዋወጫ ፍለጋ ታሪክ በመቱና በኢሉባቦር ከተሞች

የላፕቶፕ አዳፕተር፣ በሰው አፍ ቻርጀር የሚባለው፣ ከሶኬት የሚመጣውን 220 ቮልት ኮረንቲ ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ወደሚችለው 19 ወይም 20 ቮልት የሚያወርድ ትንሽ ጥቁር ሣጥን ነው። እሱ ሲሞት ላፕቶፑ ደህና ሆኖ ሳለ ሥራ ይቆማል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው መቱ፣ እንዲሁም በጎሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ምትኩን ማግኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሙያው ታሪክ ግን ከላፕቶፕ በፊት ይጀምራል። ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሲበላሽ መለዋወጫውም ያንኑ ሩቅ መንገድ ተጉዞ መምጣት አለበትና።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ይህ መንገድ ወደ ምዕራብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በባሮ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከሱዳን የሚነሱት የእንፋሎት ጀልባዎች ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር። ቡናና ሰም ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። የአገረ ገዥው የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ በዚህ ንግድ ደረጀች፤ የውጭ አገር ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላም ተቀመጠባት። በክረምቱ ጀልባ ያልመጣ ዕቃ ቀጣዩን ክረምት ይጠብቃል፤ አለዚያ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ጀርባ ሳምንታት ይጓዛል። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የጋምቤላ ጣቢያ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የኢሉባቦር ገበያም ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። ቡናው በመኪና ወደ ላይ ሲሄድ የመርካቶ ዕቃ በዚያው መኪና ይመለሳል። በደርግ ዘመን የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ወደ መቱ ሲዛወር ሱቁም ጥገና ቤቱም ወደዚያው አደላ።

የኮረንቲን ነገር ለገጠሩ ያስተማረው ሬዲዮ ነው። የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመቱ በ684 ኪሎኸርዝ የሚያሰራጭ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ስለነበረው ድምፁ በአካባቢው ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። የሚያስቸግረው ባትሪ ድንጋዩ ነው። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ አራቱ ሲደረደሩ 6፣ ስድስቱ ሲደረደሩ 9 ቮልት ይሰጣሉ። የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ጥቂት ቀን ማስለፍ፣ የድንጋይ ማስቀመጫው ሲበላሽ ድንጋዮቹን በካርቶን ጠቅልሎ በሽቦ ከውጭ ማገናኘት በየቤቱ የታወቀ ብልሃት ነበር። ፖዘቲቩን ከኔጌቲቩ፣ ስድስቱን ከዘጠኙ መለየት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ይህን ዕውቀት ዝቅ አድርጎ ማየት ስህተት ነው፤ ዛሬ ለላፕቶፕ የሚያስፈልገው ዕውቀት በመሠረቱ ያው ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1990 በመቱ አቅራቢያ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሶር ወንዝ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ግድግዳው ላይ 220 ቮልት ሲመጣ 6 ቮልት ከሚፈልገው ሬዲዮ ጋር የሚያስታርቅ መሣሪያ አስፈለገ። ያኔ የነበረው አዳፕተር ከባድ ነው፤ ውስጡ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ብረት አለበት። ጎኑ ላይ ከ3 እስከ 12 ቮልት የሚመረጥበት ቁልፍ፣ ጫፉ ላይ እንደ መስቀል የተዘረጉ አራት ዓይነት መሰኪያዎች ነበሩት። አንዱ ካልገባ ሌላው ይገባል። ላፕቶፕ ይህን ያህል ቸር አልሆነም።

መቱ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተከፈተ ወዲህ ላፕቶፕ የመምህሩ፣ የተማሪውና የቢሮው ዕቃ ሆነ፤ ብዙው ያገለገለ ነው። አገሩ ዝናባም ነው፤ ጎሬ በዓመት ከ1,800 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ነጎድጓድ ሲበዛ፣ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ አዳፕተሩ ቀድሞ ይመታል። ከዚህ ይበልጥ የሚያጋጥመው ግን ቀላሉ ብልሽት ነው፦ ሽቦው በጫፉ አጠገብ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ኖሮ ከውስጥ ይበጠሳል።

ጥገና ቤት የገባ አዳፕተር መጀመሪያ ጀርባው ይነበባል። ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል መሆን አለበት። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ችግር የለውም፤ ቢያንስ ግን ሣጥኑ ይግላል፣ ወይም ራሱን ያጠፋል። 90 ዋት ለሚፈልግ ኮምፒውተር 65 ዋት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ የሚታየው ጫፉ ነው። የቆየው ኤችፒ 7.4 ሚሊ ሜትር ወፍራም ክብ ጫፍ ነበረው፤ የኋለኛው ሰማያዊ ቀለበት ያለበት 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ባወጣቸው ብዙ ሞዴሎች አራት ማዕዘን ጫፍ አደረገ። ሰውን በጣም የሚያሳስተው ዴል ነው። ወፍራሙ የኤችፒ ጫፍ ዴል ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ኮምፒውተሩም ይበራል፤ ባትሪው ግን አይሞላም። በዴል ጫፍ መሐል ያለችው ቀጭን መርፌ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የምታሳውቅ ናት። መልዕክቷ ካልደረሰ ኮምፒውተሩ መሙላት እምቢ ይላል።

ተመሳሳዩ ከጠፋ የአሮጌው ጫፍ ተቆርጦ በሌላ አዳፕተር ሽቦ ላይ ይቀጠላል። ቮልቱ ከተስማማ፣ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በሜትር ከተለየ፣ መጋጠሚያው በእርሳስ ተበይዶ በደንብ ከተሸፈነ ባለ ሁለት ሽቦው ለዓመታት ያገለግላል። ባለ ሦስት ሽቦውን ግን ሦስተኛዋን፣ የመርፌዋን ሽቦ ሳያገናኙ ቢቀጥሉት ከንቱ ድካም ነው። ሁለቱን ሽቦ ማማታት ደግሞ ላፕቶፑን ሊያቃጥል ይችላል።

በመቱ ያልተገኘው ከአዲስ አበባ ይታዘዛል። የጀርባው ጽሑፍና የጫፉ ፎቶ በቴሌግራም ይላካል፣ ክፍያው በስልክ ይፈጸማል፣ ዕቃው ለአውቶቡስ ረዳት ተሰጥቶ በጅማና በበደሌ አድርጎ ይመጣል። ክረምት መጠበቅ ቀርቷል፤ ሆኖም ፎቶው ላይ ያልታየች አንዲት መርፌ ዕቃውን ያንን ሁሉ መንገድ መልሳ ትሰደዋለች።

የአውሮፓ ኅብረት ከሚያዝያ 28 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ አዳዲስ ላፕቶፖች በዩኤስቢ ታይፕ ሲ እንዲሞሉ ደንግጓል። ኢሉባቦር ውስጥ በሥራ ላይ ያሉት ያገለገሉ ላፕቶፖች ግን ገና ብዙ ዓመት ይቆያሉ። ስለዚህ የሞተ አዳፕተር ያለው ሰው ከመጣሉ በፊት ጫፉን ከአንድ ስንዝር ሽቦ ጋር ቆርጦ፣ ቮልቱንና አምፔሩን በወረቀት ጽፎ አስሮ ያስቀምጥ፤ ወይም ለጥገና ቤት ይስጥ።