አርባ ስምንት ሰዓትና አንድ ወር



ቡና ለቀማ ሲደርስ በአጋሮ፣ በጌራና በሊሙ መንደሮች ሌብነቱም ጥርጣሬውም ይበዛል። ከማድረቂያ ላይ አንድ ጆንያ ጀንፈል ጠፋ እንበል። ጎረቤታችሁ ተጠርጥሮ ተያዘ። ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ስንት ቀን ይቆያል?

ድሮ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም። በአገራችን ገጠር አፈርሳታ ሲጠራ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ የአካባቢው ሰው በሙሉ እርሻውንና ከብቱን ትቶ ሜዳ ላይ ይውላል፣ ያድራል። ሌባ ሻይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ የከሳሽ መሆኑን ከኪታብ ለተማረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 29 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። ሆኖም የአካባቢው ሁኔታና መገናኛው ካልፈቀደ መዘግየትን ታገሠ። በክረምት የጌራን ጭቃ የረገጠ ሰው ይህ በር ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያውቃል! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በሩን አጠበበው። ከ48 ሰዓቱ ውጭ የሚታሰበው ለጉዞው በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላስ? የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 59 ለምርመራ የሚሰጠው ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አልተናገረም።

ይህ ጥያቄ ለዑለማዎቻችን እንግዳ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድን ሰው በጥርጣሬ ይዘው ቆይተው እንደለቀቁት አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በ450 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ማወርዲ እንደጻፉት፣ ከሻፊዒዮች ዙበይሪ ለማጣራት የሚታሰር ሰው ከአንድ ወር ማለፍ የለበትም ብለዋል። ማወርዲ ራሳቸው ጊዜውን ለመሪው ውሳኔ መተዉን መረጡ። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ ወደ ዙበይሪ ያደላል።

ለምን ብትሉኝ፣ የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ አንዱን ቀጠሮ ከ28 ቀን እንዳያንስ፣ ጠቅላላውን ደግሞ ከአራት ወር እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። ሐምሌ 2004 የተያዙት የሙስሊሞች ጉዳይ መፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት ክስ የተመሠረተባቸው በጥቅምት 2005 ነው። በዙበይሪ ስሌት ግን ጉዳዩ ነሐሴን አያልፍም ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

ያ ጎረቤታችሁም በኅዳር አጋማሽ ተይዞ ሁለት ጊዜ የ14 ቀን ቀጠሮ ቢሰጥበት፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ነፃ ነህ ተብሎ ሲመለስ የራሱ ቀይ ቡና ከዛፉ ሥር ረግፎ ይጠብቀዋል።