ወጌሻው ከጉዳቱ ሲቀድም

በእኛ ኳስ ወጌሻ ማለት ተጫዋቹ ወድቆ ሲንከባለል ውኃና ስፕሬይ ይዞ እየሮጠ የሚገባ ሰው ነው። እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ይህ ሰው ልጁ ከመውደቁ በፊት ቢደርስስ? ሐሳቡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ከ40 ዓመት በላይ ታሪክ አለው።

ከስዊድን እንጀምር። ያን ኤክስትራንድ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ የአዋቂዎች የሆኑ 12 ቡድኖችን፣ 180 ተጫዋቾችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ እንደወትሯቸው ተጫወቱ። የሌሎቹ ግን ማሟሟቂያቸው ተስተካከለ፤ የተጎዳም ሳይድን ሜዳ እንዳይገባ ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ተቆጣጠሯቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲታተም በእነዚህኞቹ ላይ የደረሰው ጉዳት ከሌሎቹ በ75 በመቶ ያነሰ ነበር።

ድንቅ ነው! ግን የትኛው የሰፈር ቡድን ነው ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት የሚቀጥረው?

መልስ ለመስጠት የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የፊፋ የሕክምና ጥናት ማዕከል ነው። በ2003 አሰልጣኙ ራሱ የሚያሠራው «ዘ ኢለቨን» የተባለ ማሟሟቂያ አወጣ። ኖርዌይ ውስጥ በታዳጊ ሴቶች ላይ ተሞከረ። ውጤቱ? ምንም ለውጥ የለም። ለካ ቡድኖቹ በወጉ አልሠሩትም ነበር! የወረቀት መድኃኒት ማንን ያድናል?

ተመራማሪዎቹ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ሩጫ ጨመሩበት፤ እንቅስቃሴዎቹም እንዳይሰለቹ ደረጃ በደረጃ የሚከብዱ ሆኑ። «ኢለቨን ፕላስ» እንዲህ ተወለደ፦ 15 እንቅስቃሴዎች፣ 20 ደቂቃ፣ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 በሆኑ 1,892 የኖርዌይ ሴት ልጆች ላይ ተሞክሮ በ2008 ውጤቱ ሲወጣ ከባድ ጉዳት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ።

«ፈረንጅ አገር ስለሆነ ነው» የምትሉ ደግሞ ሌጎስን ተመልከቱ። እዚያ 416 ወጣት ወንዶች ተሳትፈውበት በ2014 የታተመው ጥናት የጉዳቱ መጠን በ41 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

እንግዲህ ታሪኩ የሚነግረን ግልጽ ነው። በ16 ዓመቱ የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያጣው አንድ ጨዋታ አይደለም፤ ሕልሙን ጭምር ነው። ቀድሞ ማዳኛው ግን ውድ ማሽን አልሆነም። ሜዳ፣ ኳስ፣ 20 ደቂቃ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳይሰለች የሚያሠራ አሰልጣኝ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እኮ ለዚህ ነው።