የከብት ደስታ በሽታ መጥፋትና የሳይንስ ዘርፎች መተባበር

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ከነበሩት ከብቶች ከ10 እጅ 9ኙን ያህል እንደ ፈጀ ይገመታል። በሬው ያለቀበት ገበሬ የሚያርስበት ስላጣ ረኃብ ተከተለ፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ።

ወሳኙ እርምጃ በመጀመሪያ የተገኘው ከሥነ ሕይወት ነው። ዋልተር ፕላውራይት የተባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በኬንያ፣ በሙጉጋ የምርምር ጣቢያ፣ ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ደጋግሞ በማራባት አዳከመው። በ1960ዎቹ መጀመሪያም አስተማማኝ ክትባት ሆነ።

ይሁን እንጂ ክትባቱ ሙቀት ስለማይችል ማቀዝቀዣ በሌለበት ቆላ ይበላሽ ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት የፊዚክስ ዕውቀት አስፈለገ። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነር የአደራረቁን ዘዴ አሻሻለ፤ ይኸውም በክትባቱ ውስጥ በረዶ የሆነው ውሃ፣ አየሩ በተመጠጠ ዕቃ ውስጥ፣ ሳይቀልጥ ተን ሆኖ እንዲወጣና የሚቀረው እርጥበት እጅግ እንዲያንስ ማድረግ ነው። የደረቀው ክትባት ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ሆነ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ይህንኑ ክትባት ይዘው መንጋውን ከተቡ። ከ1995 ወዲህ በሽታው በኢትዮጵያ አልታየም፤ በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

በትምህርት ቤት ሥነ ሕይወትና ፊዚክስ በየክፍለ ጊዜያቸው ተለያይተው ይሰጣሉ። የፊዚክስ መምህር ስለ ተን ሲያስተምር የገበሬውን በሬ ቢያነሣ፣ ተማሪው የሁለቱን ትምህርቶች ዝምድና ከገዛ አገሩ ታሪክ ይረዳል።